የማስኒያ ስልክ በሶፋና በመርዋ መሐል

ማስኒያ መካ ውስጥ፣ ከታላቁ መስጊድ ከሐረሙ ጀርባ ካለ ሆቴል፣ አልጋዋ ላይ ሞታ ስትገኝ ስልኳ ከራስጌዋ ነበር። ሐኪሙ አፍንጫዋ ውስጥ የትራስ ክር አግኝቶ «ታፍና ነው» አለ። ክፍሉ በማቀዝቀዣ እንደ በረዶ ቤት ስለቀዘቀዘ ግን መቼ እንደሞተች ቁርጡን መናገር አልቻለም።

ፖሊሶቹ የሟችን የወንድም ልጅ ኖርሐሳናን ጠረጠሩ። አብራት የምታድረው እሷ ናት፤ ከዑምራ፣ ከትንሹ ሐጅ፣ ተመልሳ ብቻዋን ወደ ክፍሉ የወጣችውም፣ የጮኸችውም እሷ። ከምሽቱ የመግሪብ ሶላት በኋላ መጥተው ሊወስዷት ወሰኑ።

ነገሩ ለሐጃ ሩስሚኒ አልዋጥላት አለ። በአገሯ ከተማ በባንጃርማሲን የፖሊስ መርማሪ ሆና ጡረታ የወጣች፣ ሰው «እንደምን አደርሽ» ሲላት እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን የምትል ሴት ናት። ከአገራቸው ከማርታፑራ ሲነሱ የተጓዦቹን ስልክ ያዘጋጀችውም እሷ ነበረች። ሳይከፈት የሚነበብ የበሽታ ስምና የሆቴል አድራሻ ጻፈችበት፤ የጠፋ ሰው እንዲገኝ ደግሞ አንዱ የሌላውን መንገድ በካርታ እንዲያይ አገናኘቻቸው። ያኔ «ፖሊስነቱ አልለቀቃትም» ብለው ስቀውባታል። አሁን ካርታው ማስኒያ ከቡድኑ ኋላ ብቻዋን ወጥታ ዑምራዋን ጨርሳ እንደተመለሰች ያሳያል።

መጀመሪያ ኖርሐሳናን ጠራቻት።

«አክስትሽ ለምን ቀረች?»

«ጉልበቷ ነዋ! ‹ኋላ ቀስ ብዬ ብቻዬን እመጣለሁ› ብላ በሩ ድረስ ሸኘችን፤ አንቺም አይተሻታል። ሐጃ፣ በአላህ እምላለሁ አልነካኋትም!»

«መሐላሽን ተዪውና የተጣላችው ሰው ካለ ንገሪኝ።»

ልጅቷ አመነታች። «አጎቴ ትንሽ ተቆጥቷት ነበር። እሱ የሚኖርበትን የአባታቸውን ቤት ወላጅ ለሌላቸው የቲሞች እሰጣለሁ ስላለች።»

የቡድኑ መሪ ጃይኑዲን ከጥያቄው በፊት መልሱን ይዞ ቀረበ። «እኔ አሮጊቷን ጋሉህን በተሽከርካሪ ወንበር ስገፋ ነበር። የወንበሩ መንገድ ላይ እንኳን መሮጥ መተንፈስም የለ።»

«እውነቱን ነው» አለች ጋሉህ፣ «የስንቱን ተረከዝ አስገጨኝ መሰለሽ!»

የሟች ወንድም ፋህሩራጂ ዓይኑ ቀልቷል። «ሆዴን አሞኝ ተኝቼ ነበር። ስልኬን እዪው፤ ሻይ ልጠጣ እስክወርድ ከክፍሌ ንቅንቅ አላለም። እህቴ ከተመለሰች በኋላ ደግሞ ታች ሻይ ስጠጣ ነበር።»

«ስትመለስ አየሃት?»

«ካርታው ላይ ነዋ። ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽ?»

ሩስሚኒ ካርታውን ከፈተች። የሰው ሐዘን ታከብራለች፤ አታምነውም እንጂ።

መግሪብ እንደተሰገደ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሾርባውን የነካው የለም።

«ይኸው የማስኒያ ስልክ የሄደበት መንገድ» አለች። «ሰማያዊው የተራመደበት፣ ቀዩ የሮጠበት ነው። ጃይኑዲን፣ በሶፋና በመርዋ ኮረብቶች መሐል፣ በየምልልሱ ቀዩ የት ላይ ነው?»

«አረንጓዴው መብራት ስር።»

«እዚያ የሚሮጠው ማነው?»

«ወንዶች። ሴቶችማ ይራመዳሉ...»

«ማስኒያ በዚያ ጉልበቷ? ስልኩ የነበረው ወንድ ወገብ ላይ ነው። እሷ ያኔ ክፍሏ ውስጥ ሞታለች። ስንወጣ በሕይወት ነበረች፤ ከዚያ እስክንመለስ ኖርሐሳና ክንዴን አልለቀቀችም። ስለዚህ ልጅቷ አይደለችም። ስልኳ በካርታ እንደሚታይ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን፤ በቡድናችን ያሉት ወንዶች ደግሞ ሁለት ናቸው። አንዱ ወንበር ይገፋል፤ ወንበር የሚገፋ አይሮጥም። ሌላው የራሱን ስልክ አልጋ ላይ አስተኝቶ የእህቱን ይዞ ወጣ፤ በሕይወት ያለች እንድትመስል። ከዚያ ራስጌዋ መልሶ አስቀመጠው፤ ሰው እንዲያየውም ሻይ ሊጠጣ ወረደ።»

ሁሉም ወደ ፋህሩራጂ ዞሩ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለችው ሩስሚኒ። «ለዑምራ አልሄድክ፤ ለምን ሮጥክ? ብትራመድ ማን ያውቅብህ ነበር?»

«አረንጓዴው መብራት ስር ሳልሮጥ እንዴት ልለፍ?» አለ፣ ከልቡ ገርሞት። «የነቢዩ ሱና ነው እኮ!»

ኖርሐሳና ተነሳች።

«አክስቴ በሩን የከፈተችልህ ‹ወንድሜ ነው› ብላ ነው» አለችው። «ሩጫው ሱና ከሆነ፣ ወንድምነቱስ ምን ነበር፣ አጎቴ?»

ፖሊሶቹ ልጅቷን ሊወስዱ ሲገቡ ሩስሚኒ መንገድ ለቀቀችላቸውና የፋህሩራጂን ወንበር አሳየቻቸው።