ሁለተኛዋ መስመር

ድንቡሼ አፍንጫውን በሁለት እጁ ከድኖ የመታጠቢያ ቤቱ ጥግ ላይ ተለጥፏል። እህቱ ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበትን ቀጭን ዘንግ ይዛ ፊት ለፊቱ ተንበርክካለች።

«አንጎሌን ትወጊዋለሽ» አላት በጣቶቹ መሐል።

«አታካብድ። መጀመሪያ ካገኘሁት አይደል?»

ሳይወድ ሳቀ። ሲስቅ እጁ ላላ፤ ይህን ጊዜ አገጩን ያዝ አድርጋ ዘንጉን አስገባች። በአንዱ ቀዳዳ፣ ከዚያም በሌላው፣ መመሪያው እንደሚለው ቀስ እያለች አዞረችው። ድንቡሼ አስነጠሰ፣ ዐይኑ እንባ አቀረረ፣ «ጨካኝ ነሽ» አላትና ወደ ሳሎን፣ ወደ ካርቱኑ ሮጠ።

እሷን ቤተሰቡ ቆቅ ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት አያቷ ናቸው፤ ገና ስትድህ ጀምሮ ወለል ላይ የወደቀ መርፌ እንኳ ከዐይኗ አያመልጥም ነበርና። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ናት። ወንድሟን ከትምህርት ቤት የምታመጣው እሷ፣ የቤት ሥራውን የምታሠራውም እሷ ናት። ስለዚህ ምርመራውም በእሷ ላይ መውደቁ ማንንም አልገረመም።

ነገሩ የመጣው ድንገት ነው። ከሰዓት በኋላ ልትወስደው ስትሄድ የትምህርት ቤቱ በር በወላጆች ተጨናንቆ አገኘችው። ምክትል ርዕሰ መምህሯ ከካርቶን ውስጥ ትንንሽ ፓኬቶች እያወጡ ያድላሉ። ስለ ኮሮና አዲስ ትእዛዝ ወጥቷል፤ እያንዳንዱ ልጅ ዛሬ ማታ ቤቱ ይመርመር፣ መመርመሪያው ነገ ጠዋት በር ላይ ይታይ፣ ያላሳየ አይገባም። ባለፈው ሳምንት ትእዛዙ ሌላ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ። የሥራ ቱታውን ያላወለቀ አንድ አባት፣ እሱ ዛሬ ሥራ እንደሚያድር፣ ልጁ ደግሞ ከእሱ በቀር ለማንም አፍንጫውን እንደማይሰጥ ይናገራል። ሕፃን የታቀፈች እናት ሦስት ተማሪዎች እያሏት የደረሳት ሁለት ፓኬት ብቻ ነው፤ ሦስተኛውን ከየት ላምጣው ትላለች፤ መድኃኒት ቤቶቹ ከጨረሱ ቆይተዋል። «እዚህ ግቢ ለቁርስ የወጣ ሕግ ለምሳ አይደርስም» አለች አንዷ፤ ጥቂቶች በጭምብላቸው ውስጥ ሳቁ። ምክትሏ፣ ትእዛዙ ለእሳቸውም የደረሳቸው እኩለ ቀን ላይ መሆኑን ለጠየቃቸው ሁሉ ይደጋግማሉ፤ ድምፃቸው ተዘግቷል።

ቆቅ ፓኬቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ወንድሟን እየጎተተች ቤት ስትደርስ እናቷ አልጋው ላይ ሻንጣ ከፍታ ነበር።

እናቷ መነጽር ቤት ውስጥ ሻጭ ናት፤ በዚያ ሰዓት ቤት መገኘቷ ያልተለመደ ነው። ግን ጠዋት ከሆስፒታል ተደውሎላት ነበር። አያቷ እማማ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ከተኙ ወራት አልፈዋል። በወረርሽኙ ምክንያት ጠያቂ አይገባም፤ ናፍቆቱም ጭንቀቱም በስልክ ሆኖ ከርሟል። ዛሬ ነርሷ ድምፅዋን አለስልሳ፣ እናትዎ በጣም ደክመዋል፣ ነገ ጠዋት አንድ ሰው ለጥቂት ጊዜ እናስገባለን አለቻት። በር ላይ ሙቀት እንደሚለካ፣ ከዚያም አንድ ነገር እንደሚጠየቅ ነገረቻት፦ ቤት ውስጥ የተያዘ ሰው አለ ወይ? እናቷ፣ ኧረ ሁላችንም ደህና ነን ብላ መለሰች። ከአለቃዋ ፈቃድ ለምና፣ የማለዳውን አውቶቡስ ትኬት ቆርጣ መጣች።

ሻንጣው ውስጥ ለስላሳ ካልሲ፣ የእጅ ቅባት፣ አያቷ የሚወዱት ሰማያዊ ሻርፕ አለ። «ትንሿን ትራስ ልጨምር ወይስ ይበዛል?» ብላ ቆቅን ጠየቀቻት። ይህን ስትል ፊቷ ላይ ብዙ ጊዜ ያልታየ ነገር ነበር። ደስታ ለማለት ይከብዳል፤ ግን ወደዚያ የቀረበ።

ቆቅ አሁን ነጩን ፕላስቲክ የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስተኝታ እየጠበቀች ነው። የመጀመሪያዋ መስመር ወዲያው ወጣች፣ ደማቅ ቀይ። ዘወር ብላ ጥርሷን ቦረሸች። ተመልሳ ስታይ ከደማቋ ሥር አንድ ነገር አለ። ጥላ መሰላት። ፕላስቲኩን አንስታ ወደ አምፖሉ አስጠጋችው። ጥላ አይደለም። የፀጉር ያህል የቀጠነች፣ የደበዘዘች መስመር ናት።

የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

አባቷ እጁን ሊታጠብ ሲገባ ያገኛት እንደዚያ ሆና ነው። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ጣቶቹ ገና ግሪስ በግሪስ ናቸው። ምን ሆነሽ ሳይላት እጇ ላይ ያለውን አየ። ተቀብሏት ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ በሩን ከኋላው ቀስ አድርጎ ዘጋ።

«እናትሽ አይታዋለች?»

«አላየችም።»

ከመኝታ ቤት የሻንጣ ዚፕ ሲጎተት ይሰማል።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አለ በሹክሹክታ። ነገ ድንቡሼን ከትምህርት ቤት እንደሚያስቀረው፣ ሆዱን አሞታል እንደሚል ነገራት። ማታ እናቷ ስትመለስ ሌላ መመርመሪያ ፈልጎ እንደ አዲስ ይመረምረዋል፤ ያን ጊዜ ለትምህርት ቤቱም ለሁሉም ይነገራል። ልጁ ትኩሳት እንኳ የለውም፤ ይኸው ሳሎን ውስጥ እየሳቀ ነው። እናቷም ምንም አልሆነችም፤ ምናልባት አልያዛትም ይሆናል።

«በር ላይ ሲጠይቋትስ?»

«ካላወቀች አልዋሸችም።»

ቆቅ ቀና ብላ አየችው። አባቷ ሐሰት የሚወድ ሰው አይደለም። የሊፍት ገመድ ካረጀ፣ የሕንፃው ባለቤት የፈለገውን ያህል ቢቆጣ፣ ካልተለወጠ አላስነሳም ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ የሚመጣ ሰው ነው። አሁን ግን ዐይኑን ከፕላስቲኩ ላይ አላነሳም።

«እኔ አባቴን ሳልሰናበተው ነው የቀረሁት» አለ። «ያንን ዓመት ሙሉ ቆሜ እሄዳለሁ እንጂ ሰው አልነበርኩም። እሷ እንደዚያ እንድትሆን አልፈልግም። ይህቺን አንድ ነገር ሆድ ይፍጀው፣ ቆቄ።»

እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነበር። ዐይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ መተኛት ብቻ። እናቷ በማለዳ ትሄዳለች፣ የእማማን እጅ ትይዛለች፣ ሻርፑን አንገታቸው ላይ ጣል ታደርግላቸዋለች።

ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የተኙት እማማ ብቻ አይደሉም። ከጎናቸው ያለው አልጋ ላይ አንዲት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ አሉ፤ የእማማን ፀጉር የሚያበጥሩላቸው እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ስልኩን ነጥቀው ቆቅን አናግረዋት ነበር። «አያትሽ ስላንቺ ሲያወሩ ሌላው ሰው የልጅ ልጅ ያለው አይመስላቸውም። እኔም አሉኝ በያቸው እስቲ» ብለው፣ ሳል እስኪያፍናቸው ስቀዋል። ቆቅ መልካቸውን አታውቅም። ያንን ሳል ግን ታውቀዋለች።

«እዚያ ክፍል ሌሎችም አሉ፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ።»

በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ትከሻው መውጫውን ሞልቶታል። ቆቅ ተነስታ እጇን ዘረጋች። ፕላስቲኩን ቶሎ አልሰጣትም። ከዚያ መዳፏ ላይ አስቀመጠላትና ከበሩ ዞር አለ።

እናቷ ሻንጣውን ወለሉ ላይ አቁማ የመንገድ ጫማዋን እየለካች ነበር። ቆቅ ብዙ ቃል አሰናድታ ነው የገባችው፤ አንዱም አልመጣላትም። ፕላስቲኩን ብቻ ዘረጋችላት።

«የድንቡሼ ነው?»

«አዎ።»

እናቷ መብራቱ ሥር አንድ ጊዜ አየችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ አንድ እግሯ ጫማ ተጫምቷል፣ ሌላው ባዶ ነው። አልጮኸችም። «ድገሚና መርምሪው» አለች ብቻ። የሚደገምበት ፓኬት ግን አልነበረም። ትንሽ ቆይታ ስልኳን አነሳችና ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። እንደማትመጣ፣ ለምን እንደማትመጣም ለነርሷ ስትነግራት ድምፅዋ አልተሰበረም። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው ሻርፑን ከሻንጣው አውጥታ ፊቷን የቀበረችበት።

ቤተሰቡ በሙሉ ራሱን ለይቶ ቤት ተቀመጠ። ነርሷ ደግ ሰው ነበረች፤ ማታ ማታ ሥራ ስታበቃ ስልኩን እማማ ጆሮ ላይ ትይዝላቸዋለች። እናቷ ስለ መነጽር ቤቱ ደንበኞች፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ታወራለች፤ ከወዲያ በኩል የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። አንድ ማታ ብቻ እማማ ተናገሩ። «በላችሁ?» አሉ። እናቷ፣ በልተናል እማዬ፣ ጠግበናል አለች። ከሰዓት ጀምሮ እህል የቀመሰ ሰው ግን ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ድንቡሼ ከትንሽ ንፍጥ በቀር ምንም አልሆነም። ፍራሽ ላይ እየዘለለ ይውላል። «ፖዘቲቭ ማለት ጥሩ ማለት አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ አንድ ቀን። በዚያው ሳምንት መጨረሻ በወላጆች ግሩፕ ላይ ከትምህርት ቤቱ መልእክት መጣ። ትእዛዙ ተለውጧል፤ ከእንግዲህ የሚመረመረው ምልክት የታየበት ልጅ ብቻ ነው። ከመልእክቱ ሥር ወላጆች ይነታረኩ ጀመር። እናቷ አንብባ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው።

አባቷ በጎረቤት በኩል መመርመሪያ አስገዝቶ ሁሉም ተመረመሩ። የእናቷ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ቆይተው ደገሙት፤ አሁንም አንድ። ቆቅ እዚያው ጠርዝ ላይ እያየችው፣ ሁለተኛዋ መስመር በወጣች፣ የእናቷ መቅረት በከንቱ ባልሆነ ብላ ተመኘች። ተመኝታ በራሷ ደነገጠች።

እማማ ያረፉት ቤተሰቡ ከቤት የሚወጣበት ቀን ሳይደርስ ነው። ቀብሩን ያስፈጸመው የእናቷ ወንድም ነበር። እናቷ በስልኳ ቪዲዮ አየችው፤ ምስሉ እየቆመ፣ እየዘለለ። ቆቅ ከኋላዋ ቆማ ነበር። እጇን ትከሻዋ ላይ ልታሳርፍ ፈልጋ፣ ይህ እጅ ነው ያስቀራት የሚል ሐሳብ ያዛትና መልሳ ሰበሰበችው።

ድንቡሼ ትምህርት ቤት በተመለሰ ዕለት እናትና ልጅ የደረቀ አንሶላ ያጣጥፉ ነበር። አባቷ ኩሽና ውስጥ ዕቃ ያጥባል። ከዚያ ማታ ወዲህ ሳይጠየቅ ዕቃ ያጥባል፣ ሳይጠየቅ ወለል ይወለውላል፤ ማዕድ ላይ ሲቀመጥ ግን ዐይኑ ግድግዳ ግድግዳውን ነው።

«አባትሽ ፊቴን ማየት ትቷል» አለች እናቷ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ኀዘን ነው ብዬ ነበር። አሁን ኀዘን ብቻ አልመስልሽ አለኝ።» አንሶላውን በመዳፏ አለሰለሰች። «ያን ማታ፣ ለእኔ ከማሳየትሽ በፊት ያሳየሽው ሰው ነበር?»

ኩሽና ውስጥ የሚፈስሰው ውሃ ቆመ።

ቆቅ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ይዛ ቆማለች። ነበር ብትል እናቷ አባቷን ትቀየመው ይሆናል። ወይም ደግሞ ዞር ብላ፣ ታዲያ ለምን አልሰማሽውም ትላት ይሆናል። የትኛው እንደሚከፋ አላወቀችም። ፕላስቲኩን መዳፏ ላይ ያስቀመጠላት፣ ከበሩም ዞር ያለላት አባቷ ራሱ መሆኑን ግን ታውቃለች።

«ያየሁት እኔ ነኝ» አለች። «አይቼ አመጣሁልሽ።»

እናቷ ትክ ብላ አየቻት። የጠየቀችው ይህን አልነበረም። ሆኖም ደግማ አልጠየቀችም። ቀርባ፣ የያዘችውን ጫፍ ቆቅ ከያዘችው ጋር ገጠመችው። ጣቶቻቸው ጨርቁ ላይ ተገናኙ፤ እናቷ ቶሎ አልለቀቀችም፤ ቆቅም እጇን አልሰበሰበችም።

ከኩሽና የውሃው ድምፅ እንደገና መሰማት ጀመረ።