ከሥር የተቃጠለው ቅጠል

ኦቦ ባቻ ኮሶ በጠጣበት ቀን ሞተ። ኮሶውን የበጠበጠችለት ሚስቱ ነበረች፤ ነቀምቴም ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ስህተቱ ይህ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መቶ አለቃ ታፋ ጃራ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራ። ወሩ ሐምሌ፣ ዘመኑ 1957 ነው። አዛዡ ሻምበል አንድ ወረቀት ገፋ አደረገለት።

«የእምነት ቃሏ ነው። አስፈርማት። ከሰዓት በኋላ ለዐቃቤ ሕግ ትተላለፋለች።»

«ተገድዳ ነው?»

«ማንም እጁን አላነሳባትም። ራሷ ናት ያመነችው። አንተ ደግሞ ነገር አታብዛ።»

የባቻ ሚስት የሺአረግ እስር ክፍሉ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። አባቷ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ የሰፈረ ነው፤ ባቻ የመጀመሪያ ሚስቱ ሎሚ ከሞተችበት በኋላ አገባት፤ ሦስት ዓመታቸው ነው። ታፋ ሲገባ ቀና ብላ አላየችውም። ለቀለሙ አውራ ጣቷን ዘረጋች።

«ቆዪ እስቲ። ኮሶውን ስንት አደረግሽለት?»

«አንድ እፍኝ ነው ልማዴ።»

«የዚያን ቀንስ?»

መዳፏን ገልብጣ አየችው። «አላውቅም ጌታዬ። መጀመሪያ አንድ ነው ብዬ ነበር። ሁለት ነው፣ ሁለት ነው ሲሉኝ ሰነበቱ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን እጄ ከዕቃው ውስጥ ሁለቴ ሲገባ ይታየኛል። በእጄ ነው የሞተው። አስፈርመኝና ይለቅልኝ።»

«ከፈረምሽ ይሰቅሉሻል።»

«አውቃለሁ።»

ታፋ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ያደረገውን የሚክድ ሰው ብዙ አይቷል፤ ያ የዕለት ሥራው ነው። ያላደረገውን ማስታወስ የጀመረ ሰው ግን ያስፈራዋል። ለዐቃቤ ሕግ እስክትተላለፍ የቀረው አምስት ሰዓት ብቻ ነው።

ወደ ባቻ ቤት ሲሄድ መንገዱን ወደ ጤና ጣቢያ አጠፈና ሬሳውን ያየውን ድሬሰር ተረፈን ከሥራው አስነሳው።

«ኮሶ የገደለው ሰው ከዚህ በፊት አይተሃል?»

«ሁለት አይቻለሁ።»

«ምን ይመስላሉ?»

«አመድ ነዋ። ፈሳሽ ጨርሰው፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ።»

«ባቻስ?»

ተረፈ ጆሮውን አከከ። «እሱስ ከንፈሩም የጥፍሩ ሥርም እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ቆንጆ ሬሳ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ኮሶው ደሙን አፍልቶት ይሆናል ብዬ…»

«ብለህ ጻፍክ።»

«ሁሉም ኮሶ ነው ሲሉ እኔ ምን ልበል፣ መቶ አለቃ?»

ታፋ መንገዱን ቀጠለ። የባቻ ቤት ከገበያው በላይ ያለ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ከደጁ የሟቹ ታላቅ እህት ድርቤ ጥቁር ለብሳ ቆማለች።

«አካም ቡልተኒ፣ አዴ ድርቤ?»

«ወንድሜን ቀብሬ ምን ዓይነት ማደር አለ? ፈረመች?»

«ገና ነው።»

«ገና! አንተ የማን ወገን ነህ?»

«መጀመሪያ ያገኙት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«ከጸሎት ስብሰባ ስመለስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ኮሶ የጠጣ ሰው ቤቱን ዘግቶ ነው የሚውለው፤ ሰው አይገባበትም። ሲመሽ ግን አላስችል አለኝና ገባሁ።»

«በዘጠኝ ሰዓት መሸ?»

«ለክረምት መሽቷል! ልትሰማኝ ነው ወይስ ልታርመኝ?» በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «ወንድሜ ደርቋል። ያቺ ደግሞ ሁለቱንም መስኮት በርግዳለት ሄዳለች። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ቀኑንም አላባራ፤ ውሃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ኮሶው ባይገድለው ብርዱ እንዲጨርሰው ነው!»

«አልጋው ከመስኮቱ ሥር አይደለም እንዴ? ብርድ ልብሱ ርሶ ነበር?»

ድርቤ አሰበች። «ጫፉ ብቻ። ሌላው ደረቅ ነው።»

«የሺአረግ ወፍጮ ቤት የሄደችው መቼ ነው?»

«በአራት ሰዓት። የተመለሰችው እኔ ስጮህ ነው። ወፍጮ ቤት የነበሩት ሁሉ አይተዋታል፤ እሷም ለዚሁ ብላ ነው የሄደችው፣ እንድትታይ!»

ታፋ አመስግኗት ወደ ሟቹ ክፍል ገባ። አልጋው በአንዱ መስኮት ሥር ነው። ከአልጋው ራቅ ባለው ማዕዘን አንድ ክንድ የሚያህል የግንድ ቁራጭ ከጣሪያው ወራጅ በሽቦ ተንጠልጥሏል። በግንዱ ላይ አምስት ወፍራም ቅጠል ያላት ተክል ታስራለች። እጁን ሲሰነዝር ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

«አይንኳት፣ ማሎ!»

የባቻ ልጅ ነመራ ነው፤ ለክረምት ዕረፍት የመጣ የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ። ዓይኑ አብጧል።

«ምንድን ናት?»

«ኦርኪድ ናት። እናቴ ከዲጋ ጫካ ያመጣቻት። ዘንድሮ ቤቱ ሲቀባ ያቺ ሴትዮ ከበረንዳ አውጥታ ፀሐይ ላይ ሰቀለቻት፤ ረሳቻት። በሰኔ ስመጣ ቅጠሏ ነጥቶ፣ ሥሯ በስብሶ አገኘኋት። የሞተውን ሥር በምላጭ ቆረጥኩ፤ ቁስሉ ላይ አመድ ነሰነስኩ። ሽበት የሚሉትን የዛፍ ላይ ሣር ለቅሜ እዚህ ግንድ ላይ አሰርኳት። ይዩ፣ አዲስ ሥር አውጥታለች!»

እውነቱን ነው። ከግንዱ ጎን እንደ ክብሪት ራስ ትንሽ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። ነመራ ስለ ተክሏ ሲናገር ድምፁ ሕይወት ዘራ። ስለ አባቱ እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

«ያን ቀን የት ዋልክ?»

«ከዚህ ቀጥሎ ባለው ክፍሌ። ሳነብ።»

«ምንም አልሰማህም?»

«ምንም።»

ታፋ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አየ። በላይኛው ፊታቸው ላይ የፀሐይ ቃጠሎው ነጭ ነው፤ እንደ ወረቀት ደርቋል። የታችኞቹን ሁለት ቅጠሎች ገለበጣቸው። ሆዳቸው ቡናማ ሆኗል፤ ሲነካው ውሃ ያዘለ፣ ለስላሳ፣ አዲስ ቁስል ነው። ቀና ሲል የኮርኒሱ አቡጀዲ ልክ ከተክሏ በላይ ሰፌድ የሚያህል ክብ የእርጥበት እድፍ ይዟል። በዱላው ጫፍ ስፌቱን ገልጦ አየ፤ የጨርቁ የላይኛው ፊት ደረቅና አቧራማ ነው።

«ያን ቀን ያነበብከውን መጽሐፍ አውሰኝ» አለ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። ድርቤና ነመራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ተረፈ ግድግዳ ተደገፈ። የሺአረግን ሻምበሉ ራሱ ይዟት መጣ፤ ሰዓቱን እያየ በሩ ላይ ቀረ።

«ይህችን ለምን ቤታችን አስገባህ?» አለች ድርቤ።

«አንዴ ይስሙኝ፣ አዴ። ባቻን የገደለው ኮሶ አይደለም። ኮሶ ሰውን አመድ አድርጎ ነው የሚገድለው። ከንፈር አቅልቶ የሚገድል አንድ ነገር አውቃለሁ። ጦር ሰፈር ሳለሁ ሦስት ወታደሮች በክረምት ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ተኙ። ጠዋት ጉንጫቸው እንደ ሕፃን ጉንጭ ቀልቶ፣ ሞተው አገኘናቸው።»

«እዚህ ከሰል አልነበረም! እኔ ነኝ የገባሁ!»

«እርስዎ ሲገቡ አልነበረም። መስኮቶቹም ክፍት ነበሩ። ግን ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ መስኮቱ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ቢሆን ኖሮ ብርድ ልብሱ ተጨምቆ አያልቅም ነበር። ጫፉ ብቻ ነው የራሰው። ስለዚህ የተከፈተው እርስዎ ከመግባትዎ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ያን ጊዜ የሺአረግ ወፍጮ ቤት ነበረች፤ ምስክሮቹን እርስዎ ራስዎ ቆጥረውልኛል።»

ድርቤ የአልጋውን ብርድ ልብስ ዳሰሰች።

«የከሰሉ ምድጃ የት እንደተቀመጠ ደግሞ ይህች ተክል ትናገራለች። ፀሐይ ከላይ ነው የሚያቃጥል። ይህ አዲሱ ቃጠሎ ከሥር ነው። በላይዋ ያለው ጨርቅ የእንፋሎት ክብ ይዟል፤ ጣሪያው አፍስሶ ነው እንዳይባል ደግሞ የጨርቁ ጀርባ ደረቅ ነው። እሳት ነበረ፤ በእሳቱም ላይ ውሃ የሚፈላበት ድስት። አሁን ልጠይቃችሁ፤ በሽተኛን ላሙቅ ያለ ሰው ምድጃውን የት ያስቀምጣል?»

«ከእግሩ ሥር» አለ ተረፈ።

«ይሄኛው ከአልጋው አርቆ ማዕዘኑ ላይ አስቀመጠው። ለሰው አልነበረማ።» መጽሐፉን ገልጦ ለነመራ ዘረጋለት። «ያሰመርክበትን በአማርኛ አንብብልን።»

ነመራ መጽሐፉን ያዘ። «‹ለተጎዳ ተክል… የተዘጋ ክፍል፣ ሙቀትና ብዙ እንፋሎት…›»

«እኔ የዲጋ ልጅ ነኝ። ዲጋ ጫካ ውስጥ ለዚህች አበባ ማን ከሰል ያነድላታል? ጉም ነው የሚያበላት። መጽሐፍህ የሚያወራው ስለ ሌላ አገር ዘመዷ ነው።»

«አንድ ሰዓት ብቻ ነበር ያሰብኩት!» ነመራ ድንገት ጮኸ። «በዚያ ቀን ክፍሉን የሚከፍት ስለሌለ… አባቴ ተኝቶ ነበር፤ እኔም ማንበብ ያዝኩ። ስመለስ… መስኮቱን የከፈትኩት እንዲተነፍስ ነው! በእግዚአብሔር ስም፣ እንዲተነፍስ ብዬ ነው!»

«አምንሃለሁ» አለ ታፋ። «ምድጃውንስ ያወጣኸው እንዲተነፍስ ብለህ ነው?»

ነመራ ዓይኑን ወደ ተክሏ አዞረ።

«ሦስት ቀን ሙሉስ?»

«ኮሶ ነው ያልኩት እኔ አይደለሁም። እነሱ ናቸው ያሉት። እኔ ዝም ነው ያልኩ።»

ታፋ ከኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ ሁለት ቦታ ቀደደው። «አባትህን የገደልከው በስህተት ነው፤ እሱን ዳኛ ይየው። እሷን ግን እያወቅህ ነበር።»

ድርቤ ከአልጋው ወርዳ የየሺአረግን እግር ያዘች። «ይቅር በዪኝ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ! ሐዘን አሳውሮኝ ነው! ቤትሽ ነው፤ ተቀመጪ፤ ለቀስተኛ ይመጣል…»

የሺአረግ እግሯን ቀስ ብላ አላቀቀች። ነመራንም ድርቤንም ተራ በተራ አየቻቸው፤ አላለቀሰችም።

«ስትከሱኝ አይደለም የከፋኝ» አለች። «ክሱስ ይገባኛል፤ ሐዘንተኛ ይከሳል። ከእናንተ ጋር ሦስት ዓመት ስበላ ከርሜ፣ አንድ ሰው እንኳ ‹እሷ አታደርገውም› ብሎ ቢሆን፣ እኔም ስለ ራሴ የተባለውን አላምንም ነበር።»

ነመራ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። አልጠበቀችውም። ሻምበሉ ከበሩ ላይ ገለል አለላት፤ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።