በጎኗ የተሣለችው

መክሊት ሉማሜ ውስጥ ሕፃናት ስታስተምር ተረቱን ብቻዋን አትተርክም። መጽሐፉን ደረቷ ላይ ገልጣ ሥዕሉን ወደ ልጆቹ ታዞርና «ምን ታያላችሁ?» ትላለች። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ የእነሱ ነው፤ ማን ደግ፣ ማን ክፉ እንደሆነ የሚፈርዱት ልጆቹ ናቸው።

ፍርዱን ያስተማራቸው ሠዓሊው ገዳሙ ነው። እሱም ደብረ ወርቅ ላይ ከአባቱ እግር ሥር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምሯል። የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ሊቀባ መጥቶ መክሊት ስትተርክ በመስኮት ሰማትና ቀለሙ ብሩሹ ላይ እስኪደርቅ ቆመ። ከዚያም ተረቷን በእጁ ሥሎ መጽሐፍ አደረገላት። በአባቱ ወግ ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። ልዕልቲቱን ግን መክሊትን አስመስሎ ነው የሣላት። ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት እንኳ አልቀረችም።

«እንዲህ ቆንጆ ነኝ እንዴ?» አለችው።

«ዓይንሽ ገና አልወጣልኝም። ዕድሜ ልኬን ካላየሁት የሚወጣልኝም አይመስለኝም።»

እንዲህ ያለ አፍ ያለው ሰው ምን ይደረጋል? ወደደችው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክ ነገራት፤ እሷ ለእናቷ ነገረች፤ እናቷ ለሰፈሩ። ገዳሙም መጽሐፉን ሊያሳትም ደብረ ማርቆስ ሄደ።

ፋሲካ አለፈ። ሽማግሌም ስልክም አልመጣም። መክሊት «ሥራ በዝቶበት ነው» እያለች እናቷንም ራሷንም አታለለች።

ግንቦት ላይ አንድ ጠዋት የታተመውን መጽሐፍ ይዞ ክፍሏ በር ላይ ቆመ። ከሳ ብሏል። እሷ ከደስታዋ ብዛት ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰችውም።

«መክሊት፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ...»

«በኋላ! ከልጆቹ ጋር ነው የማየው» አለችና መጽሐፉን ቀምታው ወደ ልጆቹ ገለጠችው። «ምን ታያላችሁ?»

«ልዕልት!» ብለው ጮኹ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ።

የብርጓል የምትባለው ደፋሯ ሕፃን ተነሥታ ቀረበች። «ቲቸር፣ ይቺ አንቺ አይደለሽም።»

እውነትም አልነበረችም። ፊቷ ቀጠን ያለ፣ ፀጉሯን የተሠራች ሌላ ሴት ናት። መክሊት ቶሎ ቶሎ ገለጠች። መጨረሻው ገጽ ላይ ሠርግ አለ፤ ከሙሽራዋ ኋላ ጥላ ይዛ የቆመች ሴት አለች። ምልክቷ ጉንጯ ላይ ናት። በጎኗ ነው የተሣለችው።

«ቲቸር፣ ክፉ ሆንሽ እንዴ?» አለች የብርጓል።

ሰማይ የተደፋባት መሰላት። ወደ በሩ ሄዳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ክፉዋ እኔ ነኝ?»

«አይደለሽም! ፊት ለፊት ልሥልሽ ሞከርኩ። ዓይንሽን ስጨርስ ያየኛል። አቃተኝ፣ መክሊት።»

«ምን አድርገህ ነው ዓይኔን የፈራኸው?»

መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

«ለእኔ መናገር ካቃተህ ለእነሱ ንገራቸው» አለችና መጽሐፉን እጁ ላይ ጣለችለት። «ተረቱን የለወጥከው አንተ ነህ። ጨርስላቸው።»

ገዳሙ የልጆቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። ሠርጉን ገለጠ።

«ሙሽራዋ ማን ትባላለች?» አለች የብርጓል።

ላቡን ጠረገ። «ሃኒ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ልጅ ናት።»

«ሙሽራውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሠርጉ መቼ ነው?»

ቀና ብሎ መክሊትን አያት፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። «አልፏል። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ነበር።»

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት የመክሊት እናት ነጭ ለብሰው፣ ጠላቸውን አጥልለው፣ የሽማግሌ ኮቴ ሲጠብቁ ነበር የዋሉት። መክሊት አጠገባቸው ተቀምጣ «ዛሬ ሳይመጡ አይቀሩም» ስትላቸው ነበር።

እንባዋ መጣ። ልጆቹ ግን እሷን እሷን ያያሉ፤ መሳቅ ይሁን ማልቀስ ከእሷ ነው የሚጠብቁት። ዋጠችው።

«በሉ ልጆች፣ ሠርግ ነው» አለች። «አጨብጭቡላቸው።»

ልጆቹም ሠርግ ነው ተብለዋልና እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ።