ቁልፍ የሌለው ቀሚስ

ወገኖቼ፣ ልጅን መርዳትና ልጅን ማሳነፍ ድንበራቸው የት ላይ እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ለዚህች ልብስ ሰፊ ይንገራት። እሷ እንደሁ ግራ ገብቷታል።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና የመጨረሻ ልጇ ከእኩዮቿ ዘግየት ብላ ነው ነገር የሚገባት። ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት ግን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ልዩ ፍላጎት ክፍል ገብታ፣ ከስንት ልፋት በኋላ የገዛ ቀሚሷን መቆለፍ ለምዳ ነበር። እናት ያን ዕለት ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ጨፍራለች።

ከዚያ ያ በሽታ መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። እናት ቀን ከሌት የአፍ መሸፈኛ ትሰፋለች፤ ልጅ ቁልፍ እስክትቆልፍ የምትጠብቅበት ጊዜ ከየት ይምጣ? አንድ ጠዋት መቀሷን አንስታ የልጅቱን ቁልፎች ሁሉ በጠሰችና በምትካቸው ላስቲክ አስገባች። «እሰይ፣ ተገላገልን!» አለች።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ታላላቆቿ ተመለሱ፣ እሷ ቀረች። «የሷ ክፍል ሲከፈት ይጠሩናል» አለች እናት።

«ባይጠሩሽስ?» አለቻት የእናት እህት። «ቤት ትዋልልሽ። ደግሞ በሽታ ተሸክማ ትምጣ? ለሷ ትምህርት ምን ሊፈይድላት!»

እናት አንዴ «እውነቷን እኮ ነው» ትላለች፤ አንዴ ያ የጨፈረችበት ቀን ትዝ ይላትና ሆዷ ይባባል። እንዲህ ልቧ ሁለት እንደሆነ ወራት አለፉ።

አንድ ቀን የልጅቱ የቀድሞ መምህርት ሱሪ ልታሳጥር መጣች። ልጅቱ ሮጣ ተጠመጠመችባት። መምህርቷ ቀሚሱን አየችና «እትዬ፣ ቁልፎቹስ?» አለች።

«ላስቲክ ይቀላታል ብዬ…»

መምህርቷ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ባለቁልፍ ሹራብ አንስታ አለበሰቻት። ልጅቱ ቁልፉን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ደረቷን ወደ እናቷ አዙራ፣ እንድትቆልፍላት ቆማ ጠበቀች።

እናት ወደ መምህርቷ ዞረች። «ምነው ታዲያ ክፍሉን ዘጋችሁት?»

«ተማሪ ጠፋ! ርዕሰ መምህሩም ፈላጊ የለውም ብለው የተሰባበረ ወንበር አጎሩበት።»

«እኛ እኮ የቀረነው ተዘግቷል ብለን ነው!»

«እኛም የዘጋነው ቀራችሁ ብለን ነው።»

ተያዩ። ማን ማንን እንደተወ ለሁለቱም ጠፋቸው።

በማግስቱ እናት ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄደች። «ለአንዲት ልጅ ክፍል አይከፈትም እኮ፣ እናት» አሏት። እሷም መቀሷን አስቀምጣ ከዚያ ክፍል የቀሩትን ልጆች ወላጆች ቤት አንኳኳች። መካኒኩን ብትጠይቀው «ይጠሩናል ብለን እኮ ነው»፤ የዳቦ ቤቷን ሴትዮ ብትጠይቃት እሷም ያንኑ። ጉድ እኮ ነው! ሁሉም ጠሪ ይጠብቃል፣ ጠሪ ግን የለም።

ሰኞ ሁሉም ልጆቻቸውን ይዘው ትምህርት ቤቱ ሊመጡ ተስማሙ። እናትም ቁልፎቹን መልሳ ሰፋች።

ሰኞ ጠዋት ልጅቱ የመጀመሪያውን ቁልፍ ያዘች። ሰዓት ይሮጣል፣ ቁልፉ ያመልጣል። የእናት እጅ ሊረዳ ተነሳ። አሁንስ መርዳት ነው ወይስ መበደል? አላወቀችም። ብቻ ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው።

ወገኖቼ፣ ትምህርት ቤትም ወላጅን፣ ወላጅም ትምህርት ቤትን ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የሚረሳው ልጅ ነው። እባካችሁ፣ አንዳችን ቀድመን እናንኳኳ።

እናትና ልጅ አርፍደው ሲደርሱ ሌሎቹ ወላጆች የተሰባበረውን ወንበር ከክፍሉ እያወጡ ነበር። ርዕሰ መምህሩ የልጅቱ ቀሚስ ተዛንፎ መቆለፉን አይተው ሊያስተካክሉላት ጎንበስ አሉ።

«ይተዉላት!» አለች እናት። «ራሷ ናት የቆለፈችው።»