ስሟን ሳልጠራ የመጣችው

ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «መብራት አብሩለት» ብዬ የማልፍ ሴት ነኝ፣ የጠንቋይ ደጅ ረግጬ አላውቅም፣ ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል ባያልፍም ያላየሁትን አየሁ አልልም፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ አሮጊቷ ጃጀች ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ፣ እመኑኝ፣ ከሆነው ላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ልጄ ዳዊት ያገባት ማሊ የምትባል የታይላንድ ልጅ ናት፣ እዚሁ አሜሪካ ሴንት ፖል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ሲሠሩ ተዋውቀው፣ መጀመሪያ ፊቴን አጥቁሬባት ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ዛሬ ግን ከልጄ ይልቅ የምሰማው እሷን ነው። ሶስና የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አላቸው፣ ወሬኛ ናት፣ ፍሮግታውን ሰፈር ባለው ቤታችን ከጠዋት እስከ ማታ አፏ አይዘጋም፣ እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ እንዲያም ሆኖ እንግባባለን። አምና ማሊ ልጅቷን ይዛ እናቷን ልትጠይቅ ስትነሳ፣ በዚያች በተማረቻት አማርኛ «እማዬ፣ እናቴ ሁለት ጊዜ መጣች አየችሽ፣ አንቺ አንድ ጊዜ አልሄድሽም» አለችኝ። ምን ይባላል? ፍርድ ነው። ዳዊት ከሥራ ፈቃድ አጥቶ ቀረ፣ እኛ ሦስታችን ሄድን።

አገሯ ከቺያንግ ማይ ከተማ በላይ ተራራ ውስጥ ነው፣ መንገዱ እንደ አንጀት ይጠማዘዛል፣ ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይነሳም፣ ቤቶቹ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙ ናቸው፣ ከደረጃው ሥር የውሃ እንስራ አለ፣ እግር ሳይታጠቡ መውጣት ነውር ነው። በየግቢው የአሻንጉሊት ቤት የምታህል ጎጆ ቆማለች፣ የቦታው ጠባቂ ማረፊያ ናት ይላሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሩዝና አበባ ያስቀምጡላታል፣ እኔ ባለፍኩ ቁጥር አማትባለሁ። የማሊን እናት ሁሉም ሰው ሜኡይ ይላታል፣ በእነሱ አፍ አያት ማለት ነው፣ እንደኔው ቁጡ ናት፣ ማሊ መሀል ገብታ እየተረጎመች ሦስት ቀን ሙሉ ስንነታረክ ከረምን። «ሰው ጓሮ ገብታ የምትጮህ አውራ ዶሮ» አለችኝ። «ካልጮህኩ መቼ ሊነጋላችሁ!» አልኳት። እስክታነባ ሳቀች፣ ከዚያ ወዲያ ወደድኳት።

በአራተኛው ቀን ሶስና ከቀርከሃ ድልድይ ተንሸራታ ወንዝ ውስጥ ወደቀች። ውሃው ከወገብ አያልፍም፣ አብሯት የነበረው አጎቷ፣ የማሊ ወንድም፣ ወዲያው አወጣት፣ ጭረት እንኳ አልነበረባትም፣ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያቺ ወሬኛ ልጅ ዝም አለች። አትበላም፣ አታለቅስም፣ ዓይኗ ክፍት ሆኖ አያይም። ታች ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፣ ምንም አልተጎዳችም፣ ድንጋጤ ነው አለን። ዳዊት ከሚኒሶታ በቪዲዮ ደውሎ «ቤቢ፣ ቶክ ቱ ዳዲ» እያለ ሲለምናት ስልኩን እንደ ግድግዳ ነው ያየችው። እንዲህ ሆነን ሦስት ቀን አለፈ፣ ልጅቷን ያጣናት መሰለኝ።

ሜኡይ «መንፈሷ ውሃው ውስጥ ቀርቷል፣ ሄደን እንጥራው» አለች። እጀታ ያለው የዓሣ መረብ አወጣች፣ በቅርጫት የልጅቷን ቀሚስ፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ነጭ ክር አዘጋጀች። እኔ በር ላይ ቆምኩ። «ልጅቷ ማተብ አላት፣ ነፍሷ ባለቤት አላት፣ አይሆንም!»

ሜኡይ አልተቆጣችም። ቀስ ብላ ተናገረች፣ ማሊ እያለቀሰች ተረጎመችልኝ። «በሰማንያ ቀኗ በዚያ በረዶ መጣሁ። ቤተ ክርስቲያናችሁ ጫማዬን አውልቄ አራት ሰዓት ቆምኩ። ውሃ ውስጥ ስትነክሯት፣ ስትጮህ፣ አንድ ቃል ተናገርኩ? የእናንተ ነው፣ ታውቁበታላችሁ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ተራው የኔ ነው።»

እኔ ተራ ሲዛባ አልወድም፣ በወጣትነቴ ለስኳር ወረፋ ስንት ጎረምሳ በክርኔ የመለስኩ ሴት ነኝ፣ ታዲያ ተራ የኔ ሲሆን ብቻ ነው እንዴ የሚከበረው? «እሺ» አልኩ፣ «ግን አብሬ እሄዳለሁ።»

አስር ሰዓት ገደማ ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ጨለማ አሳስቷት ነው እንዳትሉኝ። ማሊ ሶስናን አቅፋ ዳር ተቀመጠች፣ ሜኡይ ውሃው ውስጥ ገብታ መረቡን ትነክራለች፣ ታነሳለች፣ በራሷ አፍ «ሶሳና» እያለች ስሟን ትጠራለች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም። እኔ ተነሳሁና ባለ በሌለ ድምፄ «ነይ ልጄ! ነይ የኔ እናት፣ ወደ ቤት ነይ!» ብዬ ጮህኩ። ተራራው ተቀበለኝ፣ ድምፄ ከአንዱ ገደል ወደ ሌላው እየዘለለ ሩቅ ድረስ ሄደ። ሜኡይ ዞራ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች፣ ግን ካፍ የወጣ አይመለስም።

ፌንጣ ይሁኑ ምን እንጃ፣ ዛፉ ላይ እንደ መጋዝ ሲጮኹ የዋሉት ባንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ከዚያ መረቡ ሰመጠ፣ ሜኡይ በሁለት እጇ ነው ያወጣችው፣ ባዶ ነበር፣ ባዶነቱን በነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ። ወዲያው ከወንዙ ላይኛ በኩል ጨብ ጨብ ጨብ የሚል ሰማሁ፣ ልጅ ውሃ ውስጥ ሲሮጥ የሚያሰማው ድምፅ፣ ወደ እኛ እየቀረበ መጣና ቆመ። ማንም የለም።

«አያቴ፣» አለች ሶስና ከእናቷ ጉያ፣ «አይ አም ሀንግሪ።»

እልልታዬን አቀለጥኩት። ማሊ መሬት ሳመች። ሜኡይ ግን አልሳቀችም። «ማን ብለሽ ነው የጠራሽው?»

«ስም አልጠራሁም፣ ልጄ ነይ ነው ያልኩት፣ እኛ አገር የማንንም ልጅ እንደዚያ ነው የምንጠራው።»

ሜኡይ ወደ ወንዙ ዞረች። «እኛ ስም የምንጠራው» አለች፣ «ሌላ እንዳይሰማ ነው። ልጄ ብሎ የሚጠራት ያጣች ብትሰማሽስ?»

ቤት ስንደርስ እግራችንን ታጥበን ወጣን፣ ሶስና ግን እናቷ ጀርባ ላይ ተኝታ ነበር፣ መሬት አልነካችም። ዞር ብዬ ደረጃውን ሳይ የሦስታችን እርጥብ ዳና አለ፣ ከኔው ዳና አጠገብ ደግሞ የልጅ እግር ነበር። መዳፌን አኖርኩበት፣ ከሶስና እግር ያንሳል። እንቁላሉ ተልጦ ሲከፈል ሁለት አስኳል ወጣው፣ እሱስ ምንም አይደለም፣ እንዲህ ያለ እንቁላል ድሮም አይቻለሁ። ሜኡይ አንዱን አስኳል ለሶስና አጎረሰች፣ ሌላውን በትንሽ ሳህን ከፊቴ አስቀመጠች። ክሩን ለሁለት ቆርጣ ግማሹን በልጅቷ አንጓ አሰረች፣ ግማሹን በኔ። «አንቺ ነሽ የጠራሻት» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም።

ሴንት ፖል ከተመለስን ሶስና እንደ ቀድሞዋ ናት፣ እንዲያውም ብሶባታል፣ ተመስገን። ብቻ ደረጃ ስትወርድ ለሰው መንገድ እንደሚለቅ ጠጋ ትላለች፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ በር ላይ ከቦት ጫማዎቻችን መሀል ከማን እንደፈሰሰ የማላውቀው ትንሽ ውሃ ይጠራቀማል። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፣ ጸልዪ፣ ክሩን ፍቺው አሉኝ። ጸሎቱን ያዝኩ፣ ክሩን ልፈታ ስንት ጊዜ መቀስ አነሳሁ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ምን ትሁን አላውቅም፣ ግን ልጄ ነይ ስላት አምናኝ ነው የመጣችው፣ ጠርቶ በር መዝጋት የየት አገር ፍርድ ነው? ስለዚህ እራት ሲቀርብ አንድ ትንሽ ሳህን እጨምራለሁ። ዳዊት «እማዬ፣ ይሄ ለማነው?» ሲለኝ «አንተ ብላ» እለዋለሁ። ምግቡ ሳይነካ ያድራል፣ እሱን አልደብቃችሁም።

ባለፈው እሑድ ግን ሶስና የጠረጴዛውን ሳህኖች በጣቷ ቆጠረችና እጄን ሳበች። «አያቴ፣ ዋን ሞር።»

«ሳህኗ ይኸው አይደል፣ የኔ እናት?»

«ኖ፣» አለች በሩን እያየች፣ «አናዘር ዋን ኬም።»

ያ ድምፄ ከገደል ገደል እየዘለለ የሄደው ትዝ አለኝ፣ የት ድረስ እንደደረሰ፣ ማን ማን እንደሰማው እንጃ። ተነስቼ ሌላ ሳህን አወጣሁ።