ከፋሻው ሥር

ኢንስፔክተር እማዋይሽ አስከሬን የምትገልጠው ከእግሩ በኩል ነው። ፊቱን ዘመድ ያየዋል፤ እግሩን የሚያይለት ግን የለም ትላለች።

በመስከረም ሁለተኛው እሑድ ጧት በጤና ጣቢያው አልጋ ላይ የተኛው የሃያ ዓመቱ ሯጭ አንለይ ነበር። ከወረታ መገንጠያ ተነሥቶ በደብረ ታቦር መንገድ በሚሮጠው የአሥር ኪሎ ሜትር ውድድር እየመራ ሳለ፣ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወድቆ ሳይነሣ ቀረ።

እግሮቹ የሩዝ ገበሬ እግሮች ናቸው። ጣቶቹ ሰፋ ሰፋ ብለው ተለያይተዋል፤ በመካከላቸው ያለውን ቆዳ የክረምቱ ውኃ በልቶታል። እማዋይሽ የሩዝ አገሩ የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ልጅ ናትና እንዲህ ያለ እግር በአባቷ ቤት ስታይ አድጋለች። ግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተጠመጠመውን ነጭ ፋሻ ቀስ ብላ ፈታችው። ከሥሩ የቆየ የማጭድ ጠባሳ አለ፤ ጠባሳው ላይ፣ ፋሻው እንዳይልጠው፣ በልኩ የተቆረጠ ጥጥ ተቀምጧል። ጥጡን በወረቀት ጠቅልላ ከመዝገቧ ጋር አኖረችው።

«ማን ነው ያሰረለት?»

«ወጌሻዋ» አለ አብሯት ያለው ፖሊስ። «ያጠጣችውም እሷ ናት። ውጭ ያለው ሰው መርዛዋለች እያለ ነው።»

ወጌሻዋ ሉሊት ትባላለች። በሰኔ በፊዚዮቴራፒ ተመርቃ በነሐሴ መጀመሪያ የከተማውን ሩጫ ቡድን እግር እንድትጠብቅ ተቀጠረች፤ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ሯጮቹ «ወረቀት የምታሽ ወጌሻ» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም መሬት መሬት እያየች ፈገግ ትላለች እንጂ መልሳላቸው አታውቅም።

«ውኃው ውስጥ ምን ነበር?» አለቻት እማዋይሽ።

«ጨው፣ ስኳርና ሎሚ። ሁሉም ጠጥተዋል።»

«ሰው ጥፋቱ ያንቺ ነው ይላል።»

«ነው» አለች ሉሊት።

«የውኃው ነው?»

«ውኃውስ አይደለም።»



የሐኪሙ ውጤት ማክሰኞ ደረሰ። መርዝ የለም። አንለይን የገደለው ከልጅነቱ ጀምሮ የታመመ ልቡ ነው፤ ማዳመጫ ደረቱ ላይ ያኖረ ባለሙያ ሁሉ ድምፁን ይሰማው ነበር ይላል። ሉሊት በነሐሴ በፈረመችው ወረቀት ላይ ግን «ልቡ ጤናማ ነው፤ መሮጥ ይችላል» የሚል ተጽፏል። ሳታዳምጥ ፈርማ ከሆነ የሙያ ፈቃዷ ይነጠቃል፤ ክስም ይጠብቃታል።

እማዋይሽ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ገና ያልጎደለውን ውኃ አቋርጣ ቁሐር ሚካኤል የአንለይ አባት ዘንድ ገባች። አያ አዛናው ከለቅሶው ድንኳን ወጥተው አነጋገሯት። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪም ልጁ እንዳይሮጥ ከልክሎ ነበር። አሰልጣኙ ደስታው ለምን ቀረ ብሎ እደጃቸው ድረስ ቢመጣ ይህንኑ ነግረው እንዲተወው ለመኑት። በዚህ ክረምት በአረም ሰሞን ግን ደስታው ማኅተም ያለባት ወረቀት ላከላቸው። ልጁ ሲያርም እየዋለ፣ ማታ ማታ በመስኖው ዳር ብቻውን ሲለማመድ ክረምቱን ከርሞ ለውድድሩ ዕለት ወረታ ወረደ።

«መርቄ ነው የሰደድሁት» አሉ። «ይችን ወረቀት አምኜ። በቀብሩ ዕለት የፈረመችውን ልጅ ረግሜያታለሁ።»

ደስታው ማወቁን አልካደም። ከአዲስ አበባ የመጣ የትልቅ ክለብ መልማይ ውድድሩን ሊያይ ቆሞ እንደነበር፣ ልጁን የሚወስድ ከሆነ እሱንም በረዳትነት ሊወስደው ቃል እንደገባለት ራሱ ተናገረ።

«ሕመሙን አውቅ ነበር። ባለሙያ የቀጠርነው ለዚያ አይደል? እሷ ይችላል አለች። እኔ ሐኪም አይደለሁ።»

እያለ አለቀሰ፤ ልቅሶው የውሸት አይመስልም። ደጃፉ ላይ ወንድሙ ታደለ በባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ በዘይት የጠቆረ ጨርቅ ያፍተለትላል። ከእሑድ ወዲህ አንድ ሰው እንኳ አላሳፈረም አሉ።

እማዋይሽ ወደ ሉሊት ተመልሳ የምርመራ ደብተሯን ጠየቀች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን የተመረመሩ የአሥራ ሁለት ሯጮች ስም ሰፍሯል። ሉሊት ሸሚዙን ያወለቀ ወንድን ፊት ማየት ስላፈረች፣ ያዳመጠችውንና ዝቅ ብላ ያየችውን ብቻ ጽፋለች፤ የልብ ምት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ እግር። እማዋይሽ የመጨረሻውን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይህን ሰው ፊቱን አይተሽዋል?»

«አላየሁትም።»

«የስሞቹን ተራ ያወጣ ማን ነው?»

«አሰልጣኙ።»

ዓርብ ከሰዓት አራቱንም በቡድኑ ዕቃ ቤት ሰበሰበቻቸው። አያ አዛናው አግዳሚው ላይ፣ ደስታውና ታደለ ትይዩ ተቀመጡ። ሉሊት በሩ አጠገብ ቆመች።

«ወንዶች ጫማችሁን አውልቁ» አለች እማዋይሽ።

ሽማግሌው ኮንጎ ጫማቸውን ወዲያው አወለቁ። ደስታው ግራ ተጋብቶ ክሩን ፈታ። ታደለ አልነቃነቅም አለ።

«ሉሊት አላዳመጠችም ብዬ ነበር የጀመርሁት» አለች እማዋይሽ። «ደብተሯ ግን አዳምጣለች አለኝ። የአሥራ አንዱ ልብ በደቂቃ ሃምሳ ገደማ ይመታል፤ የሯጭ ልብ እንዲያ ነው። አንለይ ብላ የጻፈችው ሰው ልብ ሰባ ስምንት ይመታል። ሯጭ አይደለም ማለት ነው። ቀጥሎ እግሩን ጽፋለች፤ ውስጥ እግሩ ለስላሳ፣ ጠባሳ የለውም፣ የቀኝ ትንሿ ጣቱ ጥፍር የላትም። አያ አዛናው፣ የልጅዎ ግራ እግር ጠባሳ ነበረው?»

«የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሩዝ ሲያጭድ።»

«በነሐሴስ ውኃ ያልበላው እግር በቁሐር አለ?»

«ከየት ይመጣል?»

«እንግዲህ የተመረመረው አንለይ አይደለም። ስሙ በዝርዝሩ መጨረሻ የተጻፈውም ሌሎቹ ሯጮች ከሄዱ በኋላ የሚገባውን ሰው ማንም እንዳያየው ነው። አዲሷ ባለሙያ ገና ማንንም አታውቅም። ደብተሯ አንድ ነገር ይጨምራል፤ የእግር ጥፍሩ ሥር የሞተር ዘይት አለ ይላል። ታደለ፣ ቀኝ ጫማህን።»

ታደለ ጎንበስ ብሎ አወለቀ። ሉሊት እንደ ልማዷ ወደ መሬት ታይ ነበርና ትንሿን ጣት ከሁሉም ቀድማ አየቻት።

«"ለግማሽ ሰዓት ስምህ አንለይ ነው" አለኝ ወንድሜ» አለ ታደለ። «የማዳመጫው ነገር ወግ ለማድረስ መስሎኝ ነው።»

ደስታው እግሮቹን አግዳሚው ሥር ሰበሰበ። «ልጁም ያውቅ ነበር። እባክህ አንዴ ልሩጥ ብሎ ለምኖኛል።»

«እኔስ አልለመንሁህም?» አሉ አያ አዛናው።

ፖሊሱ ደስታውን ሊያስነሣ ቀረበ። እማዋይሽ ደብተሩን ለሉሊት መለሰችላት። «አንቺ ያዳመጥሽውን ነው የጻፍሽው። ነገ ወደ ሥራሽ መመለስ ትችያለሽ» አለቻት።

አያ አዛናው ተነሥተው በባዶ እግራቸው ወደ ሉሊት መጡ። እርግማኑን ሊያነሡ፣ ሊመርቋት እጃቸውን ወደ ራሷ ዘረጉ።

ሉሊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ኢንስፔክተር፣ ጥጡን አልተናገሩትም።»

እማዋይሽ ከመዝገቧ መካከል የተጠቀለለች ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ላንቺ ትቼው ነው» አለች። «ከተናገርሽው በቃል መስጫው ላይ ይሰፍራል።»

«ይስፈር።» የሉሊት ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ ሁሉም ለመስማት ወደ እሷ ዘንበል አሉ። «በውድድሩ ጧት አንለይ ነኝ ብሎ እግሩን ሰጠኝ። ጠባሳውን አየሁት። ደብተሬ ላይ ጠባሳ የለውም ብዬ እንደጻፍሁ ትዝ አለኝ። የጻፍሁት ሌላ ሰው እንደሆነ ያን ጊዜ ዐወቅሁ። ጠባሳው እንዳይላጥ ጥጥ አደረግሁለት፤ ከዚያ ልናገር ወደ አሰልጣኙ ሄድሁ። መልማዩ አጠገባቸው ቆሟል። ወር ከሁለት ሳምንት ነው የሠራሁት፣ ተሳስቼ ቢሆንስ አልሁ።» ወደ ደስታው ዞረች። «ምን ፈለግሽ? አሉኝ።»

ደስታው አንገቱን ደፋ። ያስታውሰዋል።

«ጥጥ አልቋል አልሁ። አላለቀም ነበር።»

የሽማግሌው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ፤ አልነካትም፣ ወደ ታችም አልተመለሰም። ሉሊት ቀና ብላ ፊታቸውን አየች። የአንለይን ፊት ቀና ብላ አላየችውም፤ ይህን ፊት ይመስል እንደነበር አታውቅም።