የማራናታ ፖስታ

ገመቹ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ማራናታ ወደምትሰፋበት የኮልፌ ልብስ ስፌት ቤት መጀመሪያ የመጣው የተቃጠለ ዲናሞ ሊቀይር ነበር። ሁለተኛና ሦስተኛ የመጣው ግን ምንም ያልሆነ መኪና ሊያይ ነው።

«ደግሞ ምን ሆነብሽ?» ይላታል።

«ምንም አልሆነ።»

«እስቲ ልየው ታዲያ።»

ሚስቱ ሸዋረጋ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። ማራናታንም ባሏ ጥሏት ከሄደ ስምንት ዓመቱ ነው። ሁለቱም ዳግመኛ እንወዳለን ብለው አላሰቡም፤ ግን ወደዱ።

ቤተ ክርስቲያናቸው ጋብቻ ከማወጁ በፊት የሚጠይቀው ነገር አለ። ተጋቢዎቹ ተመርምረው ውጤታቸውን በታሸገ ፖስታ ያመጡና በሽማግሌ ፊት አንዱ የሌላውን ይከፍታል። መደባበቅ እንዳይኖር ነው።

ማራናታ ቤቴል አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ ለኤች አይ ቪ ምርመራ ስትሄድ ነርሷ ሲስተር ሌሊሴ፣ «ሠላሳን ካለፍሽ የማህፀን በር ምርመራም እናድርግልሽ» አለቻት። እሺ አለች። ውጤቱ ሲደርስ ሲስተር «ቁጭ በይ፣ ላስረዳሽ» ብትላት፣ አስቀድሞ መስማት ማጭበርበር መሰላት።

«ሁለቱንም አንድ ላይ አሽጊልኝ፤ የምደብቀው የለኝም።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌው ጋሽ ቢቂላ ፊት ተቀመጡ። ማራናታ የገመቹን ከፈተች፤ ነፃ ነው። ፈገግ ብላ ቀና ስትል ገመቹ የእሷን ሁለተኛ ወረቀት ይዞ ደርቆ ቀርቷል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኤች ፒ ቪ፣ ዓይነት አሥራ ስድስት» አለ ቀስ ብሎ። «ተገኝቷል።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

ጋሽ ቢቂላ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። «ልጄ፣ ይሄ ከወንድ የሚመጣ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስምንት ዓመት ብቻዬን ኖርኩ ብለሽኝ አልነበር?»

«ኖሬያለሁ ጋሼ» አለች። እንባዋ መጣ። ምን እንዳጠፋች አታውቅም፤ ግን አፈረች። ያንገበገባትም ይኸው ነው።

ሰኞ ጠዋት ሥራዋን ትታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ገመቹን ወረፋ በሚጠብቁ ሴቶች መሃል አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጉልበቱ ላይ ያረጀ ፋይል ይዟል።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ፋይሉን ገለጠላት። «ስላንቺ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ይሄ የሸዋረጋ ነው። የእሷም ወረቀት ላይ አሥራ ስድስት የሚል ነበር። ሲደማት ‹የወር አበባዬ ተዛብቶ ነው› እያለች ሁለት ዓመት ቆየች። ሐኪም ጋ ስንደርስ አልፎ ነበር። ቅዳሜ ያንቺን ሳነብ፣ አንቺንም ቀብሬ የተመለስኩ መሰለኝ።»

«የተጸየፍከኝ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ? አንቺን?»

ፋይሉን ወደ ጎን አድርጎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት።

ሲስተር ሌሊሴ ሁለቱንም አስገባቻቸው። «ይሄ ኤች ፒ ቪ የሚባለው ቫይረስ በግንኙነት ይተላለፋል፤ ከመቶ በላይ ዓይነት አለው» አለች። «አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንዱ ሳይይዘው አይቀርም፤ ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። አሥራ ስድስትና አሥራ ስምንት ግን ክፉዎች ናቸው። ሳይጠፉ ከከረሙ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የማህፀን በር ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ። ቫይረሱ ለዓመታት ተደብቆ ይቀመጣል፤ ስለዚህ መቼ መጣ፣ ከማን መጣ ማለት አይቻልም።»

«ሸዋረጋ ላይ ያመጣሁባት እኔ ነኝ?» አለ ገመቹ። ጥያቄውን አራት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳይናገር ይዞት ኖሯል።

«ማንም ሊያውቅ አይችልም ወንድሜ። እሷ ዘግይታ ነው የመጣችው። ይህቺ ግን በጊዜ መጥታለች።»

ማራናታ እዚያው ተመረመረች። ካንሰር አልነበረም፤ ገና መለወጥ የጀመረ ቦታ ተገኘና በሙቀት መሣሪያ አቃጥለው አከሙላት። የፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ስትወጣ ገመቹ ቦርሳዋን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል።

«ካልፈለግህ አልቀየምህም» አለችው። «ከዓመት በኋላ እንደገና መታየት አለብኝ። ላይጠፋም ይችላል።»

«ፈርቻለሁ» አለ። «ነገም እፈራለሁ። ግን ያለ አንቺ ከምፈራ ካንቺ ጋር ልፍራ።»

ጋሽ ቢቂላ ነገሩ ሲገባቸው ይቅርታ ጠየቋት፤ ጋብቻውንም ራሳቸው አወጁላቸው።

በዓመቱ ባልና ሚስት ሆነው ተመለሱ። ሲስተር ሌሊሴ ፖስታውን ስትሰጣት ማራናታ ሳትከፍት ለገመቹ አቀበለችው። ከፈተው። አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

«አልተገኘም» አለ።

ከዚያም እዚያው አግዳሚ ላይ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ማራናታ ለማን እንደሚያለቅስ አወቀች።

«ለሸዋረጋ አልቅስላት» አለችው። ጎኑ ተቀምጣም እስኪወጣለት ጠበቀችው።